«ፎርጅድ ፊርማ በአምስት ደቂቃ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰነበተ። የስፖርት ካርድ (የተጫዋች ሥዕል ያለበት፣ አንዳንዴም ተጫዋቹ የፈረመበት ካርድ) የሚሰበስቡ ሦስት ጓደኞቼ በየፊናቸው ላኩልኝ። አንዱማ «ከእንግዲህ ማንም አይሸውደንም» ብሎ ጽፎበታል። ርዕሱ «ፎርጅድ ፊርማን በአምስት ደቂቃ መለየት» ነው። መግቢያው ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። እውነት ነው። ግን ያለቦታው የጠረጠረም መመንጠሩ አይቀርም። እውነተኛውን ጥሎ ፎርጅዱን ይገዛል። ይህ ጽሑፍ ደግሞ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ያለቦታው እንድንጠረጥር ነው የሚያስተምረን።

ላላነበበው ሰው ነጥቦቹን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው ሰባት ነገር ይላሉ። ፊርማውን ከናሙና ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ ከገጠመ እውነተኛ ነው። የሚንቀጠቀጥ መስመር የፎርጅድ ምልክት ነው። ሰርተፊኬትና ሆሎግራም (የሚያብረቀርቅ የማረጋገጫ ተለጣፊ) ካለው አትጨነቁ። ከታሸገ የፋብሪካ ፓኬት የወጣ ፊርማ ጥያቄ አያስነሳም። ካርዱ አሮጌ ከሆነ ፊርማውም አሮጌ ነው። በአጉሊ መነጽር ነጠብጣብ ካልታየ በእጅ የተፈረመ ነው። የተቆረጠ ወይም የተበላሸ ፊርማ አትግዙ። በመሃል ስለ ዋጋም አንድ መስመር ጣል አድርገዋል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በቅንነት እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። እኔም ከዓመታት በፊት ብጽፍ ኖሮ ይህንኑ ነበር የምጽፈው። ስለዚህ ምላሼን እንደ ጠብ እንዳያዩብኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነውና። «ናሙና ፈልጉ፣ አስተያዩ፣ ከገጠመ ግዙ።» ይህን ምክር አስመሳዩም ያውቀዋል። ያውም ከእኛ በፊት። ናሙናውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነው የሚሠራው። ፊደሎቹ እስኪገጥሙለት ደብተር ሙሉ ተለማምዷል። ስለዚህ የፊደሎቹ መግጠም የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፈረመው ሰው ያንን ቅርጽ ያውቀዋል። ባለቤቱ ያውቀዋል። አስመሳዩም ያውቀዋል።

አስመሳዩን የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው። አንድ ታዋቂ ተጫዋች ስሙን ሲፈርም አያስብም። እጁ ራሱ ይሄዳል። ብዕሩ ካርዱን ከመንካቱ በፊት እንቅስቃሴው ተጀምሯል፤ ከካርዱ ከተነሳ በኋላም እጁ ገና እየሄደ ነው። የእውነተኛ ፊርማ ጫፎች የሚሾሉት ለዚህ ነው። መስመሩ ቀጥኖ ይጀምራል፣ መሃሉ ይወፍራል፣ እንደ አይጥ ጅራት ቀጥኖ ያልቃል። አስመሳዩ ግን እየሣለ ነው። ብዕሩን አሳርፎ ይነሳል፤ መነሻው ላይ ቀለም ይጠራቀማል። ሲጨርስም አቁሞ ነው የሚያነሳው፤ ጫፉ ድፍን ይሆናል። መሃል ላይ ናሙናውን ቀና ብሎ ሲያይ ብዕሩ ይቆማል። ማርከር ደግሞ ሲቆም ዝም ብሎ አይቆምም፤ ነጥብ ይጥላል። ያቺን ነጥብ ፈልጓት። ሰው ስሙን ሲጽፍ በማይቆምበት ቦታ፣ ለምሳሌ በአንድ ቀለበት ወገብ ላይ ካገኘኋት፣ እኔ ካርዱን መልሼ አስቀምጣለሁ።

የተጠገነ መስመርም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ፊርማው ቢጣመምበት ግድ የለውም፤ የራሱ ነው። ተመልሶ የሚያስተካክለው አስመሳዩ ነው። በላዩ ላይ ሁለተኛ ጊዜ የተሄደበት መስመር፣ እንዲገጥም የተቀጠለች ጭራ፣ ያልደረሰ ቀለበት ላይ የተጨመረች ቁራጭ። እነዚህ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ካርዱን ገልብጡት፤ ፊቱ ወደ እናንተ እንደሆነ ላዩ ወደ ታች ይሁን። ፊርማው ቀና ሆኖ ሲታይ ዓይናችን ስም ያነባል። የታወቀ የቤዝቦል ተጫዋች ስም፣ ለምሳሌ «ሚኪ ማንትል» ብሎ ካነበበ በኋላ መፈለጉን ይተዋል። ሲገለበጥ ግን ስሙ ይጠፋል። የሚቀረው መስመር ብቻ ነው። የት እንደፈጠነ፣ የት እንደፈራ ያኔ ይታያል። አስገራሚው ነገር አንዳንድ አስመሳዮችም ናሙናውን ገልብጠው ነው የሚቀዱት። ምክንያታቸውም ያው ነው። ፊደሉን ትተው መስመሩን ለማየት።

ደግሞ «ፍጹም ከገጠመ» የሚለው ራሱ አደጋ አለው። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ፊርማ አይፈርምም። እናንተም ሞክሩት። አሥር ጊዜ ፈርሙና አስተያዩ። ቁመቱ ይለያል፣ ዘንበል ማለቱ ይለያል፣ የመጨረሻዋ ጭራ አንዴ ትረዝማለች አንዴ ታጥራለች። አንድ ጊዜ ከአንድ ሻጭ የአንድ ተጫዋች ሁለት ፊርማዎች ገዛሁ። ሁለቱም ያምሩ ነበር። አንድ ቀን ፎቶ አነሳኋቸውና በስስ ወረቀት ላይ በአንድ መጠን አትሜ ደራርቤ የመስኮት መስታወት ላይ ለጠፍኳቸው። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ተኛ። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከአንድ ሥዕል የተቀዱ መንትዮች ነበሩ። በጸሐፊው መለኪያ ግን ሁለቱም ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያልፋሉ።

መንትያ ፊርማ የማሽንም ሥራ ሊሆን ይችላል። ኦቶፔን የሚባል ማሽን አለ። የአንድን ሰው ፊርማ ተቀብሎ፣ እውነተኛ ብዕር ይዞ፣ ያንኑ ደጋግሞ ይጽፋል። ፖለቲከኞችና ጠፈርተኞች በሰፊው ተጠቅመውበታል። ቀለሙ እውነተኛ ቀለም ነው፣ ቅርጹም የባለቤቱ ነው። የጎደለው የእጅ ክብደት ነው። መስመሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል። መነሻና መድረሻው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድፍን ነጥብ ይቀመጣል።

ከዚያስ፣ የትኛው ናሙና? ሰው ያረጃል፤ ፊርማውም አብሮት ይለወጣል። ሚኪ ማንትል በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፈረመውና በ1980ዎቹ በየካርድ ትርዒቱ ተቀምጦ የፈረመው አንድ አይደለም። መሐመድ አሊ እስከ 1964 ድረስ «ካሲየስ ክሌይ» ብሎ ነበር የሚፈርመው። ስታዲየም አጥር ላይ እየተገፋ የሚፈርም ተጫዋችና ጠረጴዛ ይዞ ተከፍሎት የሚፈርም ተጫዋች፣ ሰውየው አንድ ቢሆንም፣ ሁለት ዓይነት ፊርማ ይተዋሉ። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሃርመን ኪልብሩ በሚነበብ ጽሕፈቱ የታወቀ ነበር። ወጣት ተጫዋቾችንም «ስማችሁ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፈርሙ» እያለ ይመክር ነበር። የእሱን ፊርማ ተጣድፎና ተጨማዶ ካየሁ እጠራጠራለሁ። ዛሬ ሁለት ፊደልና አንድ ጭረት ብቻ የሚተውን ተጫዋች ፊርማ ግን ተጨማዶ ባየው አልደነግጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። የካርዱ ዓመት የፊርማው ዓመት አይደለም። በ1950ዎቹ የታተመ ካርድ ላይ የ1990ዎቹ ዓይነት ፊርማ ቢገኝ ችግር የለውም። ባለቤቱ ካርዱን ዘግይቶ አስፈርሞት ይሆናል። የሚያጠራጥረው ተቃራኒው ነው። ተጫዋቹ ከሃያ ዓመት በፊት የተወው ዓይነት ፊርማ አዲስ ካርድ ላይ ሲገኝ፣ አስመሳዩ የተሳሳተ ናሙና ይዞ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለ ናሙና የመጨረሻ ቃሌ። ጸሐፊው «ኢንተርኔት ላይ ብዙ ናሙና አለ» ይላሉ። አለ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ግን የሻጮች ፎቶ ናቸው። ፎርጅዱን ከሌላ ፎርጅድ ጋር አስተያይተን «ገጠመ!» ብለን ደስ ይለናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ነው። መነሻቸው የታወቀ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ፦ ሲፈረም ታይቶ የተመዘገበ፣ የባንክ ቼክ፣ ውል። አንድ አይበቃም። ሃያ ሠላሳ ይሁን።

ወደ ሁለተኛው። «የሚንቀጠቀጥ መስመር ፎርጅድ ነው።» ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ያስታል። አሊ ፓርኪንሰን እንዳለበት የተነገረው በ1984 ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ግን መፈረሙን አልተወም። ፊርማው እየጠበበና እየተንቀጠቀጠ ሄደ። በጸሐፊው ሕግ ብንሄድ በእነዚያ ዓመታት የፈረመውን ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው። በዕድሜ የገፉ ተጫዋቾችም እንዲሁ።

መንቀጥቀጥ ከመንቀጥቀጥ ይለያል። የበሽታና የዕድሜ መንቀጥቀጥ በፊርማው ሁሉ ላይ ይዘረጋል። ቀላሉም ከባዱም ቦታ ይንቀጠቀጣል። እጁ ግን መንገዱን ያውቃል፤ ለማየት አይቆምም። የአስመሳይ መንቀጥቀጥ ቦታ ይመርጣል። ቀጥታ መስመር ላይ ይረጋጋል፤ ጠመዝማዛ ቀለበት ሲመጣ ይፈራል። እንደ ጀማሪ ሾፌር ነው፤ ሜዳ ላይ ይነዳል፣ ኩርባ ላይ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ «ይንቀጠቀጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የት ነው የሚንቀጠቀጠው?

አሁን ስለ ሰርተፊኬት። ጸሐፊው እዚህ ጋ አራት መስመር ብቻ ነው የጻፉት። እኔ ደግሞ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ወረቀት ማተም የሚችል ሁሉ ሰርተፊኬት ማተም ይችላል። ራሱ ሻጭ፣ ራሱ ምስክር።

ይህ የኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ በስፖርት ፊርማ ማጭበርበር ላይ ምርመራ ከፈተ። ቺካጎ ላይ የተጀመረው ነገር ወደ ካሊፎርኒያ ተሸጋግሮ ሳን ዲዬጎ ላይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» የሚል ስም ተሰጠው። በኦክቶበር 1999 ቤቶችና ሱቆች ተፈተሹ። የተገኘው ነገር አንድ ሌባ ብቻውን ተደብቆ የሚሠራው ሥራ አልነበረም። ሰንሰለት ነው። አንዱ ይፈርማል፣ ሌላው ያከፋፍላል፣ ሌላው ሰርተፊኬቱን ያቀርባል። «ባለሙያ» የተባሉ ሰዎች ሳይቀሩ ፎርጅዱን እውነተኛ ነው ብለው አረጋግጠዋል። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል ማዘር ቴሬዛ የፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ ይገኝበታል። ማዘር ቴሬዛ! ኳስ ላይ! ይህን የሚገዛ ሰው ይኖራል? ሰርተፊኬት ካለው ይኖራል።

በዚያው ዘመን የቤዝቦል ክለቡ የሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ኮከብ ቶኒ ግዊን በስሙ የተፈረሙ ፎርጅድ ዕቃዎችን ያየው በገዛ ክለቡ መሸጫ ውስጥ ነው። የራሱ እጅ አለመሆኑን ያወቀው እሱ ራሱ ነው። ክለቡ ከተሸወደ እኔና እናንተ በአንድ ወረቀት ምን ያህል ልንተማመን እንችላለን?

ይህ ማለት ግን ማረጋገጫ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልለዩት ልዩነት አለ። አንዳንዱ ማረጋገጫ ምስክርነት ነው። አንድ ሰው እዚያው ቆሞ ሲፈረም አይቷል፤ ወዲያው ቁጥር ያለው ሆሎግራም ለጥፏል። የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2001 የጀመረው የማረጋገጫ ሥርዓት በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ሌላው ማረጋገጫ ደግሞ አስተያየት ነው። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ፣ ቤኬት የመሳሰሉት ፊርማ መርማሪ ድርጅቶች ከዓመታት በፊት የተፈረመ ካርድ ሲላክላቸው፣ ሲፈረም አላዩም። ያዩት ቀለሙንና መስመሩን ነው። ጥሩ ዓይን አላቸው፤ ከእኔ ዓይን ይሻላል። ቢሆንም አስተያየት አስተያየት ነው፤ ደብዳቤያቸውም ይህንኑ ይናገራል። ማረጋገጫ ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ይሄ ሰው አይቷል ወይስ ገምቷል?

ሆሎግራሙም ሆነ ድርጅቶቹ ካርዱን የሚያሽጉበት ቁጥር ያለው ፕላስቲክ መያዣ ራሱ ፎርጅድ ይሠራለታል። አጭበርባሪው ከእውነተኛ ካርድ ላይ ቁጥር ይቀዳና በራሱ መያዣ ላይ ያትመዋል። ቁጥሩን ድርጅቱ መዝገብ ውስጥ ስታስገቡት «አለ» ይላችኋል። አለ፤ ግን ሌላ ካርድ ላይ ነው ያለው። በመዝገቡ ውስጥ ፎቶ ካለ ፎቶውን ከያዛችሁት ካርድ ጋር አስተያዩ። ፊርማው የካርዱን ሥዕል የት ላይ ነው የሚያቋርጠው? የመጨረሻዋ ጭራ ከጠርዙ ምን ያህል ትርቃለች? ቅድም ሁለት ፊርማ አንድ አይሆንም ብዬ ነበር። እዚህ ጋ ይጠቅመናል። ፎቶው ላይ ያለው ፊርማ እናንተ እጅ ካለው ጋር ትንሽ እንኳ ከተለያየ፣ ካርዱ ሌላ ነው።

«ከፓኬት የወጣ ፊርማ ጥያቄ የለውም።» ይህን ነጥብ ስቃወም ቀስ ብዬ ነው። ምክንያቱም በአብዛኛው ትክክል ናቸው። በ1990 የካርድ አምራቹ አፐር ዴክ የቤዝቦል ኮከቡ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ቁጥር የተሰጣቸው ካርዶች ፓኬት ውስጥ ከከተተ ወዲህ፣ ፊርማ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አልመጣም። አምራቹ ከተጫዋቹ ጋር ተዋውሏል፤ ከፍሎታል። እኔም አዲስ ሰብሳቢ ቢጠይቀኝ ከዚያ ጀምር ነው የምለው።

ግን «ምንም ጥያቄ» የሚለው ቃል ይከብዳል። ካርዶቹ ወይም የሚፈረምባቸው ስቲከሮች ብዙ ጊዜ በፖስታ ወደ ተጫዋቹ ይላካሉ። ተጫዋቹ ቤቱ ሆኖ ይፈርማል፤ ይመልሳል። በመካከል ማን እንደነበረ ሁልጊዜ የሚያይ ዓይን የለም። በ2017 የሆነውን አስታውሱ። የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ የዳላስ ካውቦይሱ ዳክ ፕሬስኮት ፊርማ ያለባቸው የ2016 የካርድ አምራቹ የፓኒኒ ካርዶች ለቤኬት ቀረቡ። መርማሪው አላጸድቅም አለ። ፊርማዎቹ እጅ ሳይሆን ማሽን የሠራቸው ይመስላሉ ተባለ። ካርዱ እውነተኛ፣ ፓኬቱ እውነተኛ፣ ጥያቄ የተነሳው ፊርማው ላይ ነበር። ጥያቄው የተነሳውም አንድ ሰው ከካርዱ ጀርባ ያለውን የአምራች ማረጋገጫ አንብቦ ስላላቆመ ነው። መስመሩን አየ።

ከጀርባ የታተመው ጽሑፍ የታተመ ጽሑፍ ነው። ስለ ቀለሙ ምንም አያውቅም።

የካርዱ ዕድሜ። ይህን ነጥብ ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ጸሐፊው ይቅር ይበሉኝ። የስልሳ ዓመት ካርድ ላይ ትናንት ማታ መፈረም ይቻላል። አሮጌ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ፣ ርካሽ ካርድ ሞልቷል። አስመሳዩ የሚፈልገው እሱን ነው። አልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት የሚለውም ምክር ለካርዱ ነው እንጂ ለፊርማው አይሆንም። ከ1950 ገደማ በኋላ በወረቀት ሥራ ላይ የተለመዱ የሚያነጡ ኬሚካሎች በዚያ መብራት ያበራሉ። የ1933 ነው የተባለ ካርድ ቦግ ብሎ ካበራ፣ ካርዱ ራሱ በኋላ የታተመ ቅጂ ነው። ካላበራስ? ካርዱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ስለ ፊርማው ግን ገና ምንም አላወቅንም።

ዕድሜ የሚረዳን በሌላ በኩል ነው። ይህ ነገር ሊሆን ይችል ነበር ወይ ብሎ ለመጠየቅ። ዝነኛው የቤዝቦል ተጫዋች ቤብ ሩት የሞተው በ1948 ነው። ሻርፒ ማርከር ገበያ የወጣው በ1964 ነው። በሻርፒ የተፈረመ ቤብ ሩት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሌላው የቤዝቦል ተጫዋች ሉ ጌሪግ በ1941 ሞተ። እስክሪብቶ በአሜሪካ ሱቆች መሸጥ የጀመረው በ1945 ነው። የጌሪግ ፊርማ በቀለም ብዕር ወይም በእርሳስ ቢሆን ያስኬዳል። በእስክሪብቶ ከሆነ ግን የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የቤዝቦል ተጫዋቹ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 1972፣ በኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች እርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ወደቀ። የካርድ አምራቹ ቶፕስ በ1973 ያወጣው ስብስብ ውስጥ ግን የክሌሜንቴ ካርድ አለ። ካርዱ እውነተኛ ነው። ካርዱ ለገበያ ሲወጣ ሰውየው በሕይወት አልነበረም። ስለዚህ የተፈረመ የ1973 የክሌሜንቴ ካርድ ቢቀርብላችሁ፣ ፊርማው ምንም ያህል ቢያምር፣ ሰርተፊኬቱ በወርቅ ቢታተም፣ መልሱ አንድ ነው። ሌላው የቤዝቦል ተጫዋች ተርመን መንሰንም እንዲሁ። በኦገስት 1979 ሞተ፤ የ1980 የቶፕስ ካርዱ ከዚያ በኋላ ወጣ። ለዚህ ማጣሪያ መነጽርም ባለሙያም አያስፈልግም። አንድ የሞት ቀንና አንድ የኅትመት ዓመት ይበቃሉ። ጸሐፊው ይህን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ገርሞኛል።

የመንሰን ካርድ ወደ ነጠብጣቡ ጉዳይ ይወስደናል። በ1980ው ካርድ ፊት ላይ የመንሰን ፊርማ በእርግጥ አለ። የታተመ ነው። ቶፕስ በብዙ ዓመታት፣ ከ1952 ጀምሮ፣ የተጫዋቹን ፊርማ ከሥዕሉ ጋር አብሮ አትሟል። ጀማሪዎች ይህን እውነተኛ ፊርማ አድርገው ይገዙታል። አንዳንድ ሻጭም ያንን ሳያርም ዝም ይላል። ጸሐፊው «በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ነጠብጣብ ካለ የታተመ ነው» ማለታቸው ጥሩ ነው። «ነጠብጣብ ከሌለ በእጅ የተፈረመ ነው» ሲሉ ግን ተሳሳቱ። የካርዱ ሥዕል በነጠብጣብ ይታተማል፤ ጥቁር መስመር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ድፍን ጥቁር ነው የሚታተመው። ድፍን ጥቁር ላይ ነጠብጣብ የለም። ካርዱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት። የታተመው ከካርዱ ገጽ ጋር አብሮ ያብረቀርቃል ወይም አብሮ ይደበዝዛል። በብዕር የተጻፈው ከላዩ ላይ ተኝቶ የራሱ ወዝ ይኖረዋል። ሁለት መስመር የሚቋረጥበት ቦታም ይረዳል። በብዕር ሲሆን እዚያ ጋ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲያልፍ ይታያል። በኅትመትና በማኅተም ሁለቱ መስመሮች አንድ ጠፍጣፋ ነገር ናቸው። የጎማ ማኅተም ደግሞ ጠርዙ ላይ ቀለም ይጨምቃል፤ መሃሉ ይሳሳል።

ስለ ዋጋ ያሉትን ብዙ አልነካካውም። «በጣም ርካሽ ከሆነ ሽሹ» ብለዋል። እሺ። አስመሳዩም ይህን አንብቧል። ስለዚህ ትንሽ ብቻ ቀነስ አድርጎ ይሸጣል።

የቀረችው የመጨረሻዋ ነጥብ ናት። «የተቆረጠ ወይም የተበላሸ ፊርማ አትግዙ፤ ተጫዋች ካርዱን አበላሽቶ አይፈርምም።» ይፈርማል እንጂ! አንጸባራቂ ካርድ ላይ ማርከር አይጨበጥም። ቀለሙ እንደ ውሃ ጠብታ ይሰበሰባል፣ መሃል መሃሉ ይሳሳል፣ አንዳንዴ አረፋ ይሠራል። በዚህ የተነሳ ሰብሳቢዎች ካርዱን ለተጫዋች ከመስጠታቸው በፊት በላጲስ ወይም በሕፃን ፓውደር ቀስ ብለው ያሹታል። ሳያሹት ያስፈረሙት የተበላሸ ፊርማ ይዘው ይመለሳሉ። የተበላሸ፣ ግን እውነተኛ።

የተቆረጠውማ የራሴ ቁስል ነው። አንድ ጊዜ የምወደውን ተጫዋች ካርድ ገዛሁ። ደረሰኝ። ፊርማው ያምራል፤ ፈጣን ነው፤ ጫፎቹ ይሾላሉ። ግን የመጨረሻዋ ፊደል ጭራ መሃል ላይ በምላጭ እንደተቆረጠች ቀጥ ብላ ታልቃለች። ከእሷ ወዲያ ባዶ ነው። ያኔ እንደ ጸሐፊው ነበር የማስበው። «የሆነ ነገር አለ» አልኩ። መለስኩት። ሻጩም ሳይከራከር ገንዘቤን ላከልኝ።

ስቲከር እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለተጫዋቹ የሚላከው በረድፍ የተደረደሩ ግልጽ ስቲከሮች ያሉበት ሉህ ነው። እሱ እየተጣደፈ በየስቲከሩ ላይ ይፈርማል። እጁ ከስቲከሩ ጠርዝ አልፎ ሉሁ ላይ ይሄዳል። በኋላ አምራቹ ስቲከሩን ልጦ ካርዱ ላይ ይለጥፋል። ያለፈችው ጭራ ሉሁ ላይ ትቀራለች። ካርዱን ዘንበል ባደርገው ኖሮ የስቲከሩ ጠርዝ ልክ ጭራዋ በተቆረጠችበት ቦታ ላይ ይታይ ነበር። አላየሁም፤ አላዘነበልኩትማ። የተቆረጠችው ጭራ እንዲያውም የፍጥነት ምስክር ነበረች። እየሣለ የሚሄድ ሰው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ካርዷን ተመልሼ ፈለግኳት። ተሸጣለች።